የአባቴ ሰናመኪ

«እጅሽ ለምለም ነው» ይሉኛል ሰዎች፤ እኔም ይኽንኑ አምኜ ሃያ ዓመት ኖሬአለሁ። ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ካለው ግቢያችን ያፈላሁትን ችግኝ ጧት ጧት በጋሪ አስጭኜ ሐይቁ ዳር ካለው መንገድ እደረድራለሁ፤ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሎሚ፣ ጽጌረዳ፣ ሰው የጠየቀኝን ሁሉ። ሰው ቆርጦ የጣለውን ቅርንጫፍ አንሥቼ ብሰካው ይይዝልኛል። አንድ ጊዜማ ለቲማቲም ድጋፍ ያቆምሁት እንጨት ራሱ ቅጠል አውጥቶ ቲማቲሙን ፀሐይ ከለከለው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት በጥቅምት አባቴ አንዲት ቁንጥር ዘር አሳይተው «ይኼን ግን አታበቅይውም» ሲሉኝ ደሜ ፈላ።

አባቴ የተወለዱት እዚሁ ወንዛዬ አጠገብ ነው፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ግን አፋር በረሃ፣ ጥጥ እርሻ ላይ ትራክተር ሲጠግኑ ነው። እኔን ያሳደገችኝ እናቴ ናት። እሳቸው ለፋሲካ ይመጣሉ፣ ለመስቀል ይመጣሉ፤ ተምር ይዘው፣ ፊታቸው በፀሐይ ጠቁሮ፣ ልብሳቸው ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ። ሁለት ሳምንት ሲሞላ እናቴ ስንቅ ትቋጥራለች፣ እኔ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቼ አውቶቡሱ ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆሜ እመለሳለሁ። የክፍሌ ልጆች «አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ናቸው?» ሲሉኝ ቁመታቸውን ነበር የምነግራቸው። ጠባያቸውን አላውቀውማ።

እናቴ ዐረፈች፣ አባቴም ጡረታ ወጡ፣ ግን አልመጡም። እዚያው በረሃ ውስጥ በተከራዩአት አንዲት ክፍል ቀሩ። በመጨረሻ ጉልበታቸው እምቢ ብሎ በዱላ መሄድ መጀመራቸውን ስሰማ፣ የመስቀል በዓል እንዳለፈ ሄጄ አመጣኋቸው። ይዘውት የመጡት አንድ ሻንጣና የክፍላቸውን ቁልፍ ነው። ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አንድ ላይ አንገታቸው ላይ አስረውታል። እንዳይጠፋባቸው መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሳየው ግን ተመልሰው ሂያጅ መሆናቸውን እኔ እንዳልረሳው ነው ያሰሩት።

«ጉልበቴ ሻል እስኪለኝ ነው» አሉኝ ገና ከመግባታቸው። ሻንጣውንም አልፈቱትም፤ ሸሚዝ ሲፈልጉ ከፍተው ያወጣሉ፣ መልሰው ይዘጋሉ።

ባሕር ዳርን ሰው ሁሉ የሚወዳትን ያህል አባቴ ያማርሯት ነበር። ልብሳቸው አይደርቅም። አልጋው ይቀዘቅዛል። ትንኙ በጆሯቸው ይገባል። የጥቅምትን ነፋሻ አየር ሁላችንም ደስ ብሎን ስንተነፍስ እሳቸው ጋቢ ተከናንበው «ሰው እንዴት እዚህ ረግረግ ውስጥ ይኖራል?» ይሉኛል፤ እዚሁ ተወልደው! ለጉልበታቸው ብዬ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወሰድኋቸውና ገና እግራቸውን ሲነክሩ ፊታቸው በራ። «እንግዲህ ውኃ ማለት ይቺ ናት» አሉ፤ «የቀረው ጭቃ ነው።» ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ እንሄድ ጀመር።

ዘሩን ያሳዩኝ ከወንዛዬ በተመለስንበት ቀን ነው። ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ፈቱት፤ ውስጡ ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ሦስት የዘር ቆባ አለ። ሲሰብሩት አሥራ ሰባት ፍሬ ወጣ።

«ምንድን ነው?» አልሁ።

«ሰናመኪ።»

«ለሆድ ድርቀት የሚፈላው?»

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ ችግኝ ሻጭ ነሽ ወይስ መድኃኒት ቤት?»

አፈርሁ። ደረቁን ቅጠል ገበያ ላይ አይቼዋለሁ፣ ልጅ ሆኜም እናቴ አፍንጫዬን ይዛ አጠጥታኛለች፤ ሥር ኖሮት፣ ቆሞ፣ አበባ የሚያወጣ ነገር መሆኑን ግን አስቤውም አላውቅ። አባቴ ነገሩኝ። ከክፍላቸው ደጅ፣ አሸዋው ላይ፣ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ቁጥቋጦ ነበር። ወገብ ድረስ ይደርሳል። ዝናብ ከስንት አንዴ ብቅ ቢል ነው፣ እሱ ግን ምድሩ ሁሉ በነደደበት ሰዓት ከላይ እስከ ታች ቢጫ ይለብሳል። ከሥራ ሲገቡ በርጩማቸውን አውጥተው ከጎኑ ይቀመጣሉ፣ እስኪመሽ።

«ሠላሳ ዓመት ከሥራ ስገባ የተቀበለችኝ እሷ ናት» አሉ።

እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ። እኔ መናኸሪያ ቆሜ አውቶቡስ ስሸኝ የአባቴን ምሽት ሁሉ አንድ ቁጥቋጦ ወስዶታል።

«እኔ አበቅልልዎታለሁ» አልሁ።

«አታበቅይውም። እናንተ የውኃ ሰዎች ናችሁ። ታሰጥሙታላችሁ።»

«ካበበልኝስ?»

ትንሽ አሰቡ። «ካበበማ እቀራለሁ።»

«ካላበበስ?»

እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄዶ ቁልፉን ነካ። «ፋሲካን ውዬ ወደ ቤቴ።»

እዚያ ላይ «አባባ፣ አበባ ምን ያደርጋል፣ ዝም ብለው ይቅሩልኝ» ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም። ብሰደብ እመልሳለሁ፣ ብገፋ እገፋለሁ፤ መለመን አልችልበትም። ስለዚህ «ተስማምተናል» ብዬ ዐሥሩን ፍሬ ይዤ ተነሣሁ።

የዘራሁት እንደ ሁልጊዜዬ ነው። ጥሩ ጥቁር አፈር፣ የበሰለ ፍግ፣ ጧትና ማታ ውኃ። በሁለት ሳምንት የጎመን ዘር ቢሆን ወጥ ይሠራበት ነበር። ከዚህኛው ምንም የለም። አፈሩን ጫር ጫር ባደርገው ግማሹ በስብሶ ሙክክ ብሏል፣ ግማሹ ደግሞ ልክ እንደዘራሁት ድንጋይ ሆኖ ተቀምጧል። አባቴ ደጃፍ ላይ ወንበራቸው ላይ ሆነው እየሳቁ ነበር። የአባቴን ሳቅ በደንብ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ ተናድጄ እንኳ ደስ አለኝ።

«ጨረስሽ?» አሉ። «እንግዲያ ቁጭ በይና ስሚ።»

የቀረው ሰባት ፍሬ ነው። የፍሬው ልብስ ጠንካራ ስለሆነ ውኃ አያስገባም፣ መጀመሪያ መፋቅ አለበት አሉ። የምፍቅበት ስፈልግ አንገታቸው ላይ ያለው የቁልፍ ጥርስ ታየኝና እጄን ብዘረጋ ወደ ኋላ ሸሹ። «ቁልፌን እንዳትነኪ! ቁልፍ የቤት ነው።» ከደጃፉ ድንጋይ ላይ እያንዳንዱን ፍሬ ቀስ ብዬ አሸሁት፤ የሚያብለጨልጨው ልብሱ ደብዘዝ እስኪል ብቻ፣ ውስጡ ሳይጎዳ። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ አሳደርነው። ጧት ያበጠው ይዘራል፣ ያላበጠው እንደገና ይታሻል። አፈሩ በችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ሁለት እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ቀይ አፈር፣ ከሥሩ ጠጠር። ፍግ የሚባል ነገር የለም። ጥልቀቱ የጥፍር ያህል። ቦታው ደግሞ ከቆርቆሮው አጥር ሥር፣ በቀትር ዶሮ እንኳ የማትጠጋው ግለት ላይ።

«ውኃውስ?»

«ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቺው። እርጥበት ካገኘሽ እጅሽን ሰብስቢ። ደረቅ ከሆነ ትንሽ ስጪው። ከዚያ እርሺው።»

በስምንተኛው ቀን አራቱ በቀሉ። ሁለት ሁለት ቅጠል፣ አመድማ አረንጓዴ። ከሺህ ማንጎ ይልቅ አራቱን ወደድኋቸው፤ እንደ እብድ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ግቢያችን ውስጥ ሦስት ቤት አለ። አንደኛው የእኔ ነው። ሁለተኛው የመሪጌታ ነው፤ ቅኔ ያስተማሩ፣ አሁን ያረጁ፣ ጧት ኪዳን አድርሰው የሚመለሱ ሰው። ሦስተኛው የጀልባ ጠጋኙና የሚስቱ ነው። እሱ እስከ ጎርጎራ እየተመላለሰ ጀልባ ይጠግናል፤ ሚስቱ እቤት ዓሣ አጽድታ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። መሪጌታ ለማርያም ዝክር ጠላ ሲጠምቁ የእነሱን ድርሻ ብርዝ ያደርጉላቸዋል፤ እነሱም ለዒድ ሲያርዱ ለእኛ ፍራፍሬ ይልኩልናል። እንዲህ ሆነን ስንኖር ተጣልተን አናውቅም፤ እኔ ከምጮኸው በስተቀር።

ሁሉም ስለ ውርርዱ ያውቃሉ። ጀልባ ጠጋኙ «አባታችንን በቁጥቋጦ ልታስሪያቸው ነው» ብሎ ይስቃል። ሁሉም እንዲቀሩ ይፈልጋሉ። ጉዱም የመጣው ከዚህ ነው።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ቅጠሎቹ ገረጡ። አንደኛው ችግኝ አንገቱን ደፋና በሦስተኛው ቀን ሞተ። ጣቴን ብከት እርጥብ ነው። አላጠጣሁም እኮ! ማለት፣ ብዙም አላጠጣሁም። ቧንቧ ያንጠባጥባል ብዬ ቧንቧውን አሠራሁ። ጤዛ ነው ብዬ ላስቲክ አለበስሁት። ሁለተኛውም ሞተ። ሦስተኛው ሥሩ ጠቆረ። አባቴ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዩኛል፣ አንድ ቃል አይተነፍሱም። ቁልፉን ብቻ በጣታቸው ያሽከረክሩታል።

አንድ ቅዳሜ ሥራ ትቼ ከሙዙ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ፀሐይ ወጣ እንዳለች መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ፣ በላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ይዘው። እንደ ልማዳቸው ጠጡ፣ ፊታቸውን አበሱ፣ ደጃፋቸውን ረጩ። የተረፈው ጸበል እግር የሚረግጠው መሬት ላይ አይደፋም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። ዞር ዞር ብለው አዩና ቀጥ ብለው ወደ ሰናመኪዬ መጡ። «እግዚአብሔር ያለምልምህ» ብለው የተረፈውን እላዩ ላይ ገለበጡት።

ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ሁሉንም ልየው ብዬ ዋጥሁት። ቀትር ላይ የጀልባ ጠጋኙ ሚስት ለሶላት ውዱ አድርጋ ጨረሰች። ጆጉ ውስጥ ውኃ ተርፏታል። ውኃ ማባከን አትወድም፤ እሷም ዞር ዞር ብላ ተመለከተች፣ መጣች፣ «ያ አላህ፣ አሳድገው» ብላ አፈሰሰች።

ከሙዙ ጀርባ ወጣሁ። ምን ምን እንዳልሁ አሁን ብጽፈው ያሳፍረኛል። ሁለቱንም ጠርቼ፣ በጸበልና በውዱ ውኃ ገደላችሁት፣ አባቴን አባረራችሁብኝ፣ ብቻ ያልሁት ብዙ ነው። መሪጌታ ከቤታቸው ብቅ እንዳሉ ደነገጡ። «ልጄ፣ እኔ እኮ የሚረግጠው የለም ብዬ፣ ደግሞም እንዲባረክ ብዬ ነው።» እሷ ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እቴ፣ ሲጠማ አይቼ ነው እንጂ፤ በዚያ ቆርቆሮ ሥር እንዴት ሆድሽ ቻለ?»

ያን ጊዜ አባቴ ከወንበራቸው ላይ ጎርነን ባለ ድምፅ «ሦስተኛዋንስ?» አሉ።

«የቷን ሦስተኛ?»

«ጀንበር ስታዘቀዝቅ ማጠጫውን በነጠላዋ ሸፍና የምትመጣዋን።»

ሁለቱ ጎረቤቶቼ ወደ እኔ ዞሩ። ምን ልበል? እውነት ነው። ማታ ማታ ሁሉን አጠጥቼ እሱን ዘልዬ ማለፍ ያልበላ ልጅ ጥሎ መተኛት ሆኖብኝ፣ «ጠብታ ብቻ» እያልሁ በየቀኑ ሰጥቼዋለሁ። መጀመሪያ የሳቁት መሪጌታ ናቸው። ከዚያ እሷ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። እኔም ቁጣዬን እንደያዝሁ ሳቄ አመለጠኝ።

«ሦስታችንንም እያዩ ለምን ዝም አሉ?» አልኋቸው አባቴን።

«ምን ልበል?» አሉ። «እዚያ በረሃ ላለችው ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አላጠጣትም፣ እኔም ጭምር። ሰው እየተሻማ ሲያጠጣ ማየቱ ደስ አለኝ።»

የቀረችው አንዲት ችግኝ ናት። አባቴ ተነሥተው ራሳቸው ያዟት። ከተሰበረ ጋን የታችኛውን ግማሽ ወሰዱ፣ ቂጡን በሚስማር በሱ፣ ጠጠር አነጠፉ። ጀልባ ጠጋኙ ከሥራው ሲመለስ አንድ ከረጢት ሻካራ አሸዋ አመጣልን። ሰናመኪ ሥሩ ወደ ታች አንድ ቀጥ ያለ ስለሆነ ሲዛወር ደስ አይለውም፤ ስለዚህ ፕላስቲኩን ቀደን፣ አፈሩ ሳይበተን፣ አራት እጅ ሆነን አስገባናት። ለመሪጌታ አንድ የፓፓያ ችግኝ፣ ለጀልባ ጠጋኙ ሚስት አንድ የሎሚ ችግኝ ሰጠኋቸውና «ጸበልዎን ለዚህ፣ ውኃሽን ለዚያ» አልሁ። ፓፓያው ያን በጋ እንዴት እንዳደገ ያየ ሰው መካድ አይችልም፤ በፋሲካ ከጣሪያው ጫፍ ደረሰ። እኔ ደግሞ ማጠጫዬን ማታ ማታ ለአባቴ አስረክብ ጀመር፤ ከራስጌያቸው አኑረውት ይተኛሉ።

ሰናመኪዋም ዳነች። በገና ስንዝር ሆነች፣ በጥር ማለቂያ ክንድ ደረሰች። ጉልበት ስትደርስ አባቴ ጫፏን በጥፍራቸው ቀነጠሱት። «ለምን?» ብል፣ «ጫፏ ካልተነካ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ሲነካ ዙሪያዋን ታስባለች» አሉኝ። እውነትም በሁለት ሳምንት ከየጎኑ ቅርንጫፍ አወጣች። የአባቴም ጉልበት በፍል ውኃው እየተፍታታ ነበር። ማታ ማታ በርጩማቸውን አውጥተው ከጋኑ ጎን ይቀመጣሉ፤ መሪጌታ ይመጣሉ፣ ጀልባ ጠጋኙ ይመጣል። ስለ ትራክተር፣ ስለ ጀልባ ሞተር፣ ስለ ቅኔ ያወራሉ። እኔ ችግኝ እያፈላሁ አዳምጣለሁ። አባቴ ቀልደኛ መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ሽንኩርት እንደማይወዱ አላውቅም ነበር። ሲያስቡ እንደሚያፏጩም አላውቅም ነበር።

ሻንጣው ግን እንደተዘጋ ነው። ሁዳዴ ገባ፣ ሳምንቱ በሳምንት ላይ ተደራረበ፣ አበባ የለም። እኔም በየጧቱ ከመጸለዬ በፊት ቅርንጫፎቿን አያለሁ።

በሆሳዕና ዋዜማ ከቀትር በኋላ ያልጠበቅነው ዝናብ ከሐይቁ ማዶ ተነሣ። ነፋሱ ቀድሞ መጣ፣ ከዚያ ጠብታው፣ ከዚያ ዶፉ። የባሕር ዳር ሰው በዚያ ሙቀት ዝናብ ሲመጣ ደጅ ወጥቶ ፊቱን ያስመታል፤ እኛ ግን ሁላችንም ወደ ጋኑ ሮጥን። ጋኑ በአሸዋ ተሞልቶ ከቦታው አይነቃነቅም። መሪጌታ ጃንጥላቸውን ዘረጉላት። ጀልባ ጠጋኙ የጀልባ ሸራ አምጥቶ በአንድ ጫፍ ያዘ፣ ሚስቱ በሌላው። እኔ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ገልብጬ ቆምሁ። ዞር ስል አባቴ፣ ያለ ዱላ፣ ጋቢያቸውን በትከሻቸው እያዘለሉ ሲሮጡ አየሁ። ሲሮጡ! መጥተው ጋቢያቸውን ከሥሯ ጠመጠሙት። ከሐይቅ ዳር ያለን አምስት ጎልማሳና ሽማግሌ፣ ራሳችን ውኃ እየጠጣን፣ አንዲት ቁጥቋጦ እንዳትርስ ቆመናል። በክፍቱ በር ያለፈ አንድ መንገደኛ ቆም ብሎ አየን። «ምን ታስጠልላላችሁ?» አለ። «ሰናመኪ» አሉት አባቴ። ሰውዬው አማትቦ ሄደ። እኛ ግን ሳቃችንን ማቆም አልቻልንም፤ አባቴማ ጋኑን ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ፋሲካ ደረሰ፣ ዋለ። በማግስቱ ጧት ሄጄ ባያት በየቅርንጫፉ ጫፍ ክብ ክብ አረንጓዴ እንቡጥ ይዛለች። ቢጫ ግን የለም። ተመልሼ ስገባ አባቴ ሻንጣቸውን ደጃፍ ላይ አቁመዋል።

«እንቡጥ ይዛለች» አልሁ።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያስ?»

«ያልነው አበባ ነው።»

መሪጌታ ድምፃችንን ሰምተው መጡና ዳኛ ሆኑ። «ዮሐንስ በእናቱ ማሕፀን ሳለ በደስታ ዘለለ» አሉ ጣታቸውን አንሥተው፤ «ገና አልተወለደምና አይቆጠርም ያለው የለም። እንቡጥም እንዲሁ ነው።» ጀልባ ጠጋኙና ሚስቱም ከመሪጌታ ጋር ቆሙ። አባቴ ግን መካኒክ ናቸው። «መሪጌታ፣ ሞተር ሊነሣ ነውና ሞተር ተነሣ አንድ አይደለም» አሉና የሻንጣውን እጀታ ያዙ።

እዚያ ላይ ያ የማውቀው ቁጣዬ መጣ፤ ልጮህ፣ «ይሂዱ እንግዲህ!» ልል አፌን ከፈትሁ። የወጣው ሌላ ነገር ነው።

«አባባ፣ አይሂዱብኝ» አልሁ። «አበባውም ገደል ይግባ። ሁለት ሳምንት ሁለት ሳምንት እየቆነጠሩ ሰጥተውኝ ነው ያደግሁት። አሁን ሙሉውን ነው የምፈልገው። ይቅሩልኝ።»

አባቴ እጀታውን ለቀው ሻንጣው ላይ ተቀመጡ። ከአንገታቸው ላይ ቁልፉን ፈትተው መዳፋቸው ላይ አኖሩት።

«ይኼ ቁልፍ የሚከፍተው በር የለውም» አሉ። «ቤቱን ለቅቄአለሁ።»

«መቼ?»

«ኅዳር ላይ። መሪጌታንና ጎረቤትሽን ሲያጠጡ የያዝሻቸው ቀን ማታ ለቤቱ ባለቤት ደወልሁለት፤ ዕቃዬን ለሰፈሩ ሰው አከፋፍልልኝ አልሁት።»

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ወራት... ሻንጣው...»

«ቅሩ እስክትይኝ እየጠበቅሁ ነዋ።» ቀና ብለው አላዩኝም። «በምን ፊቴ ልለምንሽ? ስታድጊ የሌለሁ ሰው፣ ሳረጅ መጥቼ አስቀምጪኝ ልልሽ?»

«ዛሬም ባልልዎትስ? የት ሊሄዱ ነበር?»

ትንሽ አሰቡ። «እስከ መናኸሪያ ሄጄ እመለስ ነበር» አሉ።

አቅፌ ያለቀስሁትን አልቅሼ ስጨርስ፣ የጀልባ ጠጋኙ ሚስት ሻንጣውን አንሥታ ገብታ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቅላቸዋለች። ማንም አላዘዛትም።

ሰናመኪዋ የፈካችው በዳግም ትንሣኤ እሑድ ነው፤ ማንም ባልጠበቃት ቀን። ጧት በሬን ስከፍት ከቆርቆሮው ሥር ቢጫ ሆና አየኋት፤ አንድ ሁለት አበባ ሳይሆን ቅርንጫፉ ሙሉ፣ እያንዳንዱ አበባ አምስት ቅጠል፣ ላዩ ላይ ቀጫጭን ቡናማ ጅማት የተሰመረበት። ግቢውን በጩኸት ቀሰቀስሁት። መሪጌታ ከቅዳሴ ሲመለሱ አይተዋት ከበሩ ጀምሮ አጨበጨቡ። አባቴ ግን በርጩማቸውን አውጥተው ከጎኗ ተቀመጡ፤ ከዚያ እጃቸውን አወዛውዘው እኔንም ጠሩኝና ሌላ በርጩማ አመጣሁ። ያን ቀን ገበያ አልወጣሁም።

ክረምቱን ከበረንዳው ሥር አሳለፈች። ፍሬም ያዘች፣ ቆባዎቹ ደረቁ። አሁን አባቴ ሐይቁ ዳር ካለው መንገድ ከእኔ ጋር ይወጣሉ፤ ከማንጎዎቹ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ለሚጠይቅ ሰው የሰናመኪ ዘር ይሰጣሉ። ለመፋቂያ ድንጋይ አይዙም። ያን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው እያንዳንዷን ፍሬ በጥርሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ፋቅ ያደርጓታል፤ ከዚያ በወረቀት ጠቅልለው ትእዛዛቸውን ይነግራሉ። አሸዋ አብዙ፣ ፀሐይ አትከልክሉት፣ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ሳትከቱ ውኃ አትስጡ። ሰውዬው አመስግኖ መሄድ ሲጀምር ደግሞ ሁልጊዜ መልሰው ይጠሩታል።

«ጎረቤት ቢያጠጣብህ ግን እንዳትቆጣ» ይሉታል፤ «ቢሞትም ና፣ ሌላ ዘር እሰጥሃለሁ። እዚሁ ነኝ።»